ብረት ደም የለውም

ሱፍ አያሞቅም። ይህን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በክፍል ውስጥ፣ በመኪና ማቆሚያው ግቢ፣ በሠርግና በለቅሶ ቤት ተናግሬያለሁ። ሱፍ ያለህን ሙቀት ይጠብቅልሃል እንጂ የሌለህን አይሰጥህም። በግ የሚሞቀው ከሱፉ ሥር ደም ስላለው ነው። ብረት ደም የለውም። ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አምስት ዲግሪ በገባበት ቀን ብረት ላይ ቆብ ብትደፉበት፣ የሚኖራችሁ ቆብ ያደረገ የቀዘቀዘ ብረት ነው። ይህን ለመረዳት ፊዚክስ መማር አያስፈልግም። ውጭ ያደረ ድንጋይ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አቆይቶ መዳሰስ ይበቃል።

የሰፈራችን ሾፌሮች ግን አርባ ስምንቱም የክላክሳቸውን ቫልቭ ሱፍ አልብሰው ነበር የሚነዱት።

ነገሩን የጀመረችው ጂፓርኩል ናት። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ልጇ ኤርመክ የድንጋይ ከሰል ጭኖ ሲወርድ የንፋስ ክላክሱን በረዶ ያዘው። «ጆሮው» በምንለው ጠባብ የገደል መንገድ ላይ ድምፅ ሳያሰማ ገባና ከታች ከሚመጣ መኪና ጋር ተፋጠጠ። ላለመጋጨት መሪውን ወደ ገደሉ አዞረ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ የእኔም ተማሪ ነበር። አርባው ከወጣ በኋላ እናቱ ተረግጦ የጠበቀ የበግ ሱፍ እየቆረጠች ለእያንዳንዱ መኪና የክላክስ ቫልቭ ቆብ መስፋት ያዘች። በእያንዳንዱ ቆብ ውስጥ ከኤርመክ ሸሚዝ የመዘዘቻት አንዲት ክር አለች። «ልጆቼን እንዳይበርዳቸው» እያለች ነው የምታድለው። ለዚህች ሴት «ቆብሽ አይሠራም» የሚል ወንድ ከየት ይምጣ? አልመጣም። እኔም አልመጣሁም። ወንዶቹን ሰድቤያለሁ፣ በጎች ብያቸዋለሁ፣ ግቢ ውስጥ በርሜል ላይ ወጥቼ ጮኬባቸዋለሁ። እሷ ፊት ግን አንድ ቀን ትንፍሽ አላልኩም።

ያን ሐሙስ ጠዋት ከጂፓርኩል ባል ከቶክቶሱን ጋር ልወርድ ተነሣሁ። ወረዳ ላይ የአስተማሪዎች ስብሰባ ነበረብኝ፤ እሱ ደግሞ ከሰል ጭኗል። ቶክቶሱን ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሠላሳ አምስቱን መሪ ላይ ነው ያሳለፈው። ገና ከጋራዡ ሳንወጣ፣ የከሰል ምድጃው ጎን እንደቆምን፣ የክላክሱን ቁልፍ ተጫነው። ጣሪያው ላይ ያለው ጥሩምባ ጋራዡን አናወጠው።

«ሰማህ ሙጋሊም?» አለኝ። ሙጋሊም በእኛ አፍ አስተማሪ ማለት ነው፤ ቶክቶሱን ሲለው ግን ስድብ ይሆናል።

«ሰማሁ ባይኬ» አልኩት። ታላቅ ወንድም እንደማለት ነው፤ ብንጣላም አክብሮቱን አላጓድልበትም። «ምድጃ አጠገብማ እኔም እዘፍናለሁ።»

«አንተ የትም ትጮሃለህ። ምድጃ ምን ያደርግልሃል?»

«የንፋስ ታንከሩን ውሃ ትናንት ማታ አፈሰሱት?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የማፈሰው።»

«ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው።»

«ቅዳሜ የት ይሄዳል? ይመጣል።»

«ባይኬ፣ ኮምፕሬሰሩ አየሩን ሲጨምቀው ውሃ ይወጣዋል። ውሃው ታንከሩ ሥር ይጠራቀማል። ከዚያ ንፋሱ ይዞት በቧንቧው ይወጣና ጠባቡ ቀዳዳ ላይ...»

«በረዶ ይሆናል» ብሎ ጨረሰልኝ። «በቃሌ ይዤዋለሁ። ሚስቴም የሰፋችው ለዚሁ ነው።»

«በረዶ እንዳይሠራ አልኮልስ ጨመሩበት?»

«አልኮል በእኛ ሰፈር ታንከሩ ጋ እስኪደርስ ስንት ጉሮሮ አለበት መሰለህ?» አለ። ጋራዡ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ተናድጄ ጋቢና ውስጥ ገባሁ፣ በሩንም ዘጋሁት።

ጆሮው ከላይኛው ድንጋይ እስከ ታችኛው ድንጋይ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። በአንድ በኩል አለት፣ በሌላው ገደል፣ መካከሉ ለአንድ መኪና ብቻ። አምስት መታጠፊያ አለው፤ ከአንዱ ሆነው ሌላው ማዶ ያለውን አያዩም፤ መተላለፊያም የለው። ስልክ አይሠራም። ሕጉ አያቶቻችን ከጋሪ ዘመን ያወረዱን ነው። የሚወርደውም የሚወጣውም ድንጋዩ ጋ ቆሞ አንድ ረጅም ክላክስ ያሰማል፣ ከዚያ ያዳምጣል። ድምፅ የሰማ ይቆማል። ዝምታ የሰማ ይገባል። ሌላ ሕግ የለም።

ላይኛው ድንጋይ ጋ ስንደርስ ጠዋት አራት ሰዓት ሆኗል። ቶክቶሱን መኪናውን አቆመ፣ ጸለየ፣ ፊቱን በሁለት መዳፉ አበሰ፣ ቁልፉን ተጫነ።

ምንም።

ደግሞ ተጫነ። ከጣሪያው ላይ «ጠቅ» የሚል ነገር ብቻ መጣ።

«ተኝቷል» አለ።

«አልተኛም። በረዶ ይዞታል።»

«ሙጋሊም፣ አትጀምር።»

ከወንበሩ ሥር የሻይ ፔርሙሱን አወጣና በሩን ከፈተ።

«ባይኬ፣ አይሆንም! ውሃ ነው እኮ የሚጨምሩበት!»

«አንተ ጠመኔህን ያዝ።»

ጎማው ላይ ወጥቶ፣ ወተትና ጨው ያለበትን ትኩስ ሻይ ቆቡ ላይ ገለበጠበት። እንፋሎቱ ጣሪያውን ሸፈነው። ተመልሶ ቁልፉን ሲጫን ጥሩምባው እንደታመመ ፍየል አንዴ ሳለ።

«ሰማህ!» አለ፤ ዓይኑ በራ።

«ይድገሙት እስቲ።»

ደገመው። ዝም። ደግሞ ተጫነ። ጠቅታዋም ጠፋች። እኔ ጎማው ላይ ወጥቼ ቆቡን በጣቴ አንኳኳሁት፤ ከአለቱ አይለይም። ሱፉ ሻዩን ጠጥቶ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ቫልቩን የከበበ በረዶ ሆኗል። ሱፍ ባይኖር ሻዩ ፈስሶ ይሄድ ነበር። ሱፍ ሲኖር ግን ውሃውን ይዞ ይጠብቃል። መያዝና መጠበቅ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ቢላዬን አወጣሁ። ቆቡን ቀድጄ ቫልቩን በመዳፌ፣ በትንፋሼም ቢሆን ላሞቀው ነበር። ቶክቶሱን ከታች ቆሞ የእጄን አንጓ ያዘ።

«ውስጧ ክር አለች።»

«አውቃለሁ።»

«ያቺን ክር ብትነካ ከዚህ እወረውርሃለሁ። በልጄ ነው የምምልልህ።»

በየትኛው ልጁ እንደማለ አውቃለሁ፤ ሌላ አልነበረውም። ቢላውን ወደ ኪሴ መለስኩት። ፈራሁ ብል ይቀለኝ ነበር። እውነቱ ግን አፈርኩ።

እዚያ ቆመን መጠበቅ አንችልም ነበር። ከድንጋዩ በላይ ያለው ተዳፋት በየሰዓቱ በረዶ ይንዳል። ሁለት መኪና ተቀብሮበታል፣ በዚህ ወር ማንም አይቆምበትም። የተጫነ መኪና ይዞ በዚያ በረዶ ላይ ወደ ኋላ መውጣትም የማይታሰብ ነው።

«አዳምጥ» አለ ቶክቶሱን ጭንቅላቱን በመስኮት አውጥቶ። «ታች ዝም ነው። ሸርማት በሚኒባሱ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ይነፋ ነበር።»

«ዛሬ የሚመጣው ሸርማት ነው?»

«እሱ ነው።»

«ማንን ጭኖ?»

ጥርት ያለውን መስታወት በእጅጌው መወልወል ጀመረ።

«ባይኬ፣ ማንን ጭኖ?»

«ሳይካል አለች» አለኝ ሳያየኝ። «አደራ አትንገረው ብላኛለች። ፈተናዋን ጨርሳለች። ድንገት በርህ ላይ ልትቆምብህ ነው።»

ሳይካል ልጄ ናት። ኦሽ ከተማ ነርስነት ትማራለች። ከእሷ ሌላ የለኝም።

«የሸርማት ሚኒባስ ክላክስ» አልኩት፣ «ምን ለብሷል?»

እየጠየቅሁት መልሱን አውቀው ነበር። እሱም ያን ጊዜ ነው የገባው። ፊቱ ላይ አየሁት።

«ሱፍ» አለ።

አንድ ሰው ብቻውን ሲሳሳት ሕጉ ያርመዋል፤ እሱ ዝም ቢል ሌላው ይነፋል። ሁሉም አንድ ዓይነት ስሕተት ሲሳሳት ግን የሚሞተው ሕጉ ራሱ ነው። ታች ዝም ያለው ማንም ስለሌለ ነው? ወይስ ልጄ ድምፅ በሌለው ሚኒባስ ተቀምጣ አሁን ወደ እኛ እየወጣች ነው? ዝምታው አንድ ነው። ከአሁን በኋላ ምንም አይነግረንም።

«ቀዳሚ እሆናለሁ» አልኩት።

ይህም የቆየ ልማድ ነው። ክላክሱ ዝም ያለበት መኪና ሰው በእግሩ ያስቀድማል። ቀዳሚው ቀይ ጨርቅ ይዞ እስከ መታጠፊያው ይሄዳል፣ ማዶውን ያያል፣ ነፃ ከሆነ ጨርቁን ያውለበልባል። መኪናው እዚያ ድረስ ይመጣና ይቆማል። ከዚያ ቀጣዩ መታጠፊያ። ነውሩ የሾፌሩ ስለሆነ ሾፌሮች ይጠሉታል። ቶክቶሱን ግን የአንገቱን ቀይ ሻርፕ ፈትቶ ሰጠኝ።

«ፍሬኑን ይሞክሩት እስቲ።»

ረገጠው። «ጭሽሽ» አለ። የግፊት መለኪያው መርፌ ወርዶ ተመለሰ።

«ይሠራል» አለ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ የምጽፈው አለ። ክላክሱን የዘጋው ውሃ ፍሬኑንም በንፋስ ከሚያሠራው ከዚያው ታንከር እንደወጣ አውቅ ነበር። የክላክሱ ቀዳዳ ቀጭን ስለሆነ ቀድሞ ተያዘ፣ ቀጣዩ የፍሬኑ ቫልቭ ነው። ይህንንም አውቅ ነበር። አልተናገርኩም። ሐሳቤ ሳይካል ጋ ነበር፤ ደግሞም ይከራከረኛል፣ ጊዜ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። ባልተጠየቅሁበት ሁሉ አሥራ አንድ ዓመት ስናገር ኖሬ፣ በምታስፈልገው ደቂቃ ዝም አልኩ።

«ሳላውለበልብ እንዳይነቃነቁ» አልኩት።

«ሂድ። አታስተምረኝ።»

ወረድኩ። በረዶው ከእግሬ ሥር እንደ ብርጭቆ ይንኮሻኮሻል። የመጀመሪያው መታጠፊያ ነፃ ነበር። አውለበለብኩ፤ የጎማው ሰንሰለት ኳኳታ ቀረበ፣ ጭሽሽ አለ፣ ቆመ። ወደ ሁለተኛው ሄድኩ። ነፃ። አውለበለብኩ። እዚህ ጭሽታው ዘግየት ያለ መሰለኝ፤ ቢሆንም ቆመ። ቶክቶሱን በመስኮት አየኝ፣ እኔም አየሁት።

ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው መታጠፊያ ሁለት መቶ ርምጃ ያህል ነው፤ ቁልቁለቱም የሚብሰው እዚያ ነው። እየተንሸራተትኩ፣ በአንድ እጄ አለቱን እየዳበስኩ ወረድኩት። የመታጠፊያው ጫፍ ላይ ቆሜ ወደ ማዶ ስመለከት ነጭ ሚኒባስ ሰማንያ ርምጃ ላይ ወደ እኔ እየወጣ ነበር። የፊት ወንበሩ ላይ ሳይካል ተቀምጣለች።

ሁለት እጄን ወደ ላይ አንሥቼ ሻርፑን እንደ እብድ አወናጨፍኩት። ሸርማት አየኝ። ሚኒባሱ ትንሽ ተንሸራቶ ሃያ ርምጃ ያህል ሲቀረው ቆመ። ሸርማት ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ወፍራም ሰው ነው፤ አንገቱን አወጣ።

«ሙጋሊም! እዚህ ምን ትሠራለህ? ትምህርት ቤቱ ወደቀ?»

«ለምን አልነፋህም?»

«ነፍቻለሁ!»

«ድምፁን ሰምተኸዋል?»

አፉን ከፈተ። ወደ ጣሪያው ቀና አለ። «ተጭኜዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

«አባ?» አለች ሳይካል በሩን ከፍታ። «አባ፣ ማን ነገረህ?»

ልመልስላት ስል ከኋላዬ የሰንሰለት ኳኳታ ሰማሁ።

ዞር አልኩ። ቶክቶሱን እየወረደ ነው። ሳላውለበልብ እንዳይነቃነቅ ነግሬው ነበር፤ ሸርማትን ለማስቆም ያወናጨፍኩትን ሻርፕ ግን ከላይ ሆኖ ያየው «ና» ብሎ ነው የሚያነበው። ሞኝነቱ የእኔ ነው። እጆቼን አጣምሬ ቁም አልኩት። መቶ ርምጃ ርቀት አለን፤ በቂ ነው። ፍሬኑን ረገጠ። ትከሻው ዝቅ ሲል አየሁ።

ጭሽታው መምጣት ነበረበት። አልመጣም።

ትከሻው ደግሞ ዝቅ አለ። ደግሞ። ደግሞ። ከዚያ ጭንቅላቱ በመስኮት ወጣ።

«ፍሬን የለም! ሙጋሊም፣ ፍሬን የለም!»

መኪናው በአንደኛ ማርሽ ነበር። ሰው በእግሩ ከሚሄድበት ፍጥነት አይበልጥም። ከዚያ ቀን በፊት ሞት የሚመጣው በፍጥነት ይመስለኝ ነበር። ሃያ ቶን ከሰል በሽማግሌ ርምጃ፣ ሰንሰለቱን እያንኳኳ፣ ሳይቸኩል ነበር የሚመጣው። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ የኋላ ጎማዎቹ ተያዙና በበረዶው ላይ መንሸራተት ጀመሩ፣ ጭራው ወደ ገደሉ ዘወር ሲል ለቀቀው። የቀረው ሞተሩ ብቻ ነው፤ ያ ቁልቁለት ደግሞ ከሞተሩ ይበልጣል።

«ውረዱ!» ብዬ ወደ ሚኒባሱ ጮኽኩ። «ሁላችሁም ውረዱ! ወደ ታች ሩጡ!»

ዘጠኝ ሰው ነበር። ወረዱ። አንዲት አሮጊት በዱቄት ከረጢቶች መካከል ተወትፋ መውጣት አቃታት፤ ሳይካል በብብቷ ይዛ ጎተተቻት። ሸርማት ሚኒባሱን ወደ ኋላ መለሰ፣ በሩ እንደተከፈተ፣ አንገቱን አዙሮ፣ ጮክ ብሎ እየጸለየ።

እኔ ወደ ላይ ሮጥኩ። ታኮ ፈልጌ ነው። ከአለቱ ሥር ያሉት ድንጋዮች ከመሬቱ ጋር ተጣብቀዋል፤ አንዱን በተረከዜ መትቼ ነቀልኩና የፊት ጎማው ሥር ወረወርኩት። ጎማው እንደ ኳስ ገፋው። ድንጋዩ ከጠርዙ ላይ ወደቀ፣ ሲያርፍ አልሰማሁም። ሁለተኛውን፣ ትልቁን፣ አቅፌ አስገባሁ። መኪናው ተንገጫገጨ፣ ወጣበት፣ አደቀቀው፣ መጣ። ከፊቱ ወደ ኋላ እያፈገፈግሁ ነበር። በመስታወቱ የቶክቶሱን ፊት ይታየኛል። ግራ እጁ የክላክሱን ቁልፍ ይጫናል። እንደማይሠራ እያወቀ ይጫነዋል።

ከዚያ እጁን አነሣው።

«ዞር በል!» አለኝ። «አለቱ ላይ ላስገባት ነው! ወደ ገደሉ በኩል ዞር በል፣ ልጄ!»

ጠርዙ ላይ በሆዴ ተኛሁ፤ አንድ እግሬ ባዶ አየር ላይ ነበር። መሪውን ወደ አለቱ አዞረው። የፊት ጎማው አለቱ ሥር ያለው ቦይ ውስጥ ገባ፣ ጋቢናው አለቱን እየፋቀ፣ እየጮኸ፣ እየታጠፈ ሄደ። ከሰሉ በላዬ ፈሰሰ። ጭራው ወደ እኔ ዘወር አለ፤ የኋላው ጎማ ከጭንቅላቴ አንድ ክንድ አልፎ ጠርዙ ላይ ወጣ፣ አንዴ በአየር ላይ ዞረ፣ ቆመ።

ከሚኒባሱ አፍንጫ ጋር የቀረው አሥራ አምስት ርምጃ ነበር። ለካሁት።

ቶክቶሱንን በመስኮት ጎትተን አወጣነው። የአንገቱ አጥንት ተሰብሯል፣ ግንባሩ ይደማል። ሳይካል ከሰሉ ላይ አስቀምጣ ክንዱን በሻርፑ አሰረችለት። ሽማግሌው ቀና ብሎ አየኝ።

«በል ተናገር።»

«ምን ልናገር?»

«አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅከው ቀን ነው። ተናገር።»

ተናገርኩ። የሚደማ ሽማግሌ ፊት ቆሜ ሁሉንም አወጣሁት። ውሃውን፣ ቧንቧውን፣ ቅዳሜውን፣ ሻዩን። «አባ፣ ይበቃሃል!» አለች ሳይካል። አልበቃኝም። ድምፄ ከአለቱ እየተመለሰ ሁለት ጊዜ ሰደበው። ፍሬኑ ላይ ስደርስ ብቻ ነው ድምፄን ዝቅ ያደረግሁት።

«የፍሬኑን ነገር ድንጋዩ ጋ አውቄ ነበር» አልኩት። «ሊያዝ እንደሚችል። አልነገርኩዎትም።»

«አውቀህ ነበር?»

«አውቄ ነበር።»

«እኔም» አለ። «ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ፔዳሉ ከበደኝ። ላንተ መናገር ሞት መስሎኝ ተውኩት።»

ሸርማት የሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቆቡን በጥፍሩ እየጫረ ነበር፤ ሁላችንም እሱን እናይ ነበር።

«ለጂፓርኩል እንዳትነግራት» አለ ቶክቶሱን ዝቅ ብሎ።

«ማን ይንገራት?»

«ማንም። ያላት ያ ቆብ ብቻ ነው።»

«ባይኬ፣ ሌላ አርባ ስድስት መኪና አለ።»

ሳይካል ግንባሩን ስታብስለት ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ፣ «እንግዲያው እኔ ባለሁበት» አለ። «ብቻዋን ሆና አትንገራት።»

መኪናዎቹን እዚያው ትተን በእግር ስንወጣ ውለን፣ ሲመሽ ቤታቸው ገባን። ጂፓርኩል ባሏን ከላይ እስከ ታች አየችው፣ አልጮኸችም፣ ትራስ አደረገችለት። ጉልበቷ አጠገብ ሱፍና መርፌ ነበር። ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋብኝ።

«ጄንጌ» አልኳት። የታላቅ ወንድም ሚስት የምትጠራበት ነው። «ቆቡ አይሠራም። ብረቱን አያሞቅም። ውሃ ይይዛል። ዛሬ ሁለቱም መኪና ለብሰውት ነበር፣ ሁለቱም ዝም አሉ።»

መርፌዋን አየች። «ኤርመክ ቆብ ቢኖረው ኖሮ?» አለች።

«አያድነውም ነበር።»

ቶክቶሱን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ምን ያድነው ነበር?»

«ማታ ማታ፣ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ፣ ታንከሩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ቧንቧ ከፍቶ ውሃውን ቢያፈስ። አንድ ስኒ ንጹሕ አልኮል ቢጨምርበት። ቫልቩን ከጣሪያው አውርዶ ጋቢና ውስጥ፣ ሙቀቱ ጋ ቢያስገባው ደግሞ ይሻላል። ዋናው ግን ቧንቧዋ ናት።»

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ሁለት ደቂቃ።»

መርፌዋን ሱፉ ላይ ሰካች። እኔ እንድታለቅስ ጠብቄ ነበር። ያን እችለው ነበር።

«አስተማሪው አንተ ነበርክ» አለች። «ነግረኸው ነበር?»

«የጋዝን ግፊት አስተምሬዋለሁ። ከመቶ ዘጠና ሁለት ነበር ያገኘው።»

«ቧንቧዋን አሳይተኸዋል?»

«አላሳየሁትም» አልኳት።

ተነሣች። ካፖርቷን ደረበች። «ለእኔ አሳየኝ» አለች።

መኪና ማቆሚያው ግቢ ውስጥ የመጀመሪያው መኪና ሥር፣ በረዶው ላይ፣ በጀርባዋ ተኛች። ጣቷን ይዤ ቧንቧዋ ላይ አደረግሁት። ስትከፍተው ዘይት የቀላቀለ ቡናማ ውሃ እጅጌዋ ውስጥ ተረጨ፤ አልዘጋችውም። ንፋሱ ብቻውን እስኪያፏጭ ድረስ አፈሰሰችው። ከዚያ ወደ ቀጣዩ መኪና በጉልበቷ ሄደች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማታው የግቢው በር ላይ ትቆማለች። የሚገባው ሾፌር ሞተሩን ሳያጠፋ ከመኪናው ሥር ይተኛል፣ ቧንቧዋን ይከፍታል፣ እሷ «በቃ» እስክትል አይነሣም። ቆቦቹን አንድ በአንድ በራሷ መቀስ ቆረጠቻቸው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወደ በርሜሌ እየጠቆሙ የሳቁብኝ ሰዎች፣ ጎሽ የሚያካክሉ ወንዶች፣ ለእሷ ያለ አንዲት ቃል በረዶ ላይ ይንጋለላሉ። ቀመር አልጠየቋትም፣ ማስረጃም አልፈለጉም። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ባለፈው ሳምንት ሸርማት ከሚኒባሱ ሥር ወጥቶ፣ በረዶውን ከሆዱ ላይ እያራገፈ፣ ወደ እኔ መጣ።

«ሙጋሊም፣ እንዲህ ቀላል ነገር ከሆነ» አለኝ፣ «አንተ ለምን አልነገርከንም?»

የመለስኩለት መልስ እዚህ አይጻፍም።